ኮርኒስ ላይ የሚሰቀል ዋይፋይ በኪራይ ቤት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አከራዬ ቤቱ እንዲበሳ አይፈልጉም። አክሰስ ፖይንት (ከሞደሙ በገመድ ተቀብሎ ዋይፋይ የሚያሰራጨውን እቃ) ኮርኒስ ላይ መስቀል እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንደ ኮርኒሱ ነው። ቺፑድ ከሆነ ቀላል ነው። የሚስማሮቹን መስመር ተከተይ፤ ከጀርባው ሞራሌ አለ። ብሎኑን እሱ ላይ እሰሪ። ስትለቂ ሁለቱን ቀዳዳ በስቱኮ ደፍነሽ ቀለም ትቀቢያለሽ። አቡጀዲ ኮርኒስ ከሆነ ግን እርሺው። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ከላይሽ ያለው ሶሌታ ነው፤ የመብራት ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ ውስጡ ሊኖር ስለሚችል ድሪል አታንሺ። ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርገሽ አስቀምጪው። እንደ ኮርኒሱ ባይሆንም በደንብ ይሠራል።

ያም ሆነ ይህ አከራይሽን ቀድመሽ አስፈቅጂ። ስትለቂ እቃው የማን እንደሆነና ቀዳዳውን ማን እንደሚደፍን በጽሑፍ ይሁን። ሳትበሺው በፊት ፎቶ አንሺ።

ጥያቄ፦ ኮርኒስ ላይ ሶኬት የለኝም። ኤሌክትሪክ ከየት ያገኛል?

መልስ፦ ከዚያው ከኔትወርክ ገመዱ። ፒኦኢ ይባላል። ሞደሙ አጠገብ ኢንጀክተር (ኤሌክትሪክን ኔትወርክ ገመዱ ውስጥ የሚያስገባ ትንሽ ሳጥን) ይሰካል፣ ከእሱ አንድ ገመድ ብቻ ወደ ላይ ይወጣል። እስከ 100 ሜትር ድረስ ችግር የለም፣ ቤታችን እንኳን 100 ሜትር 20ም አይሞላም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ቢኖር ቮልቱን እዩ። 24 ቮልት የሚፈልግ አለ፣ 48 የሚፈልግ አለ። ከሌላ እቃ የተረፈ ኢንጀክተር ዝም ብሎ መሰካት አክሰስ ፖይንቱን ሊያቃጥል ይችላል።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋስ?

መልስ፦ ፒኦኢ እዚህ ላይ ነው የሚያስመሰግነው። ሞደሙና ኢንጀክተሩ አንድ ቦታ ስለሆኑ አንድ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ሁለቱንም ይይዛል። ኮርኒሱ ላይ ያለው አብሮ ይበራል።

ጥያቄ፦ እንዳይታይ ከኮርኒሱ በላይ ብደብቀውስ?

መልስ፦ አይሆንም። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀን ቀን ምድጃ ነው። ደግሞም አክሰስ ፖይንቱ እንደ ጃንጥላ ወደ ታችና ወደ ጎን ነው የሚዘረጋው፣ ፊቱ ክፍሉን ማየት አለበት። ገመዱን ግን በላይ ማሳለፍ ይቻላል። በፕላስቲክ ቱቦ ይሁን፣ አይጥ ይበላዋል።

ጥያቄ፦ የሞደሙን ዋይፋይ ላጥፋው?

መልስ፦ አክሰስ ፖይንቱ ቤቱን ካዳረሰ አጥፋው። ካላዳረሰ ለሁለቱም አንድ ስምና አንድ የይለፍ ቃል ስጣቸው። በ2.4 ጊጋኸርዝ (ዋይፋይ ከሚሠራባቸው ሞገዶች አንዱ ነው) አንዱን ቻናል 1፣ ሌላውን 6 ወይም 11 ላይ አድርግ፣ እንዳይረባበሹ።

ጥያቄ፦ አንድ ክፍል ቤት ነው ያለኝ። ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ብርህን አታባክን። ሞደሙን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥተህ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጠው።

ጥያቄ፦ ገመድ ስንገዛ ምን እንይ?

መልስ፦ ካት 5ኢ የሚባለው የኔትወርክ ገመድ ደረጃ ለቤት ይበቃል። ነገር ግን መዳብ ይሁን። ርካሹ ብዙውን ጊዜ መዳብ የተለበሰ አሉሚኒየም ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲሸከም ይሞቃል፣ ሲታጠፍም ይሰበራል። ሱቁ ውስጥ እያላችሁ የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፋቁት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መልሱለት።