በ48 ዓመት መርሳት፦ ጠይቃችሁኛል፣ ልመልስ

ነርስ ነኝ፣ የምሠራው ጎንደር ነው። ስለ መርሳት በሽታ፣ በተለይም አልዛይመር ስለሚባለው፣ የላካችሁልኝ ጥያቄ ብዙ ነው። የቻልኩትን ያህል ልመልስ።

ከአዘዞ፦ እናቴ ገና 48 ዓመቷ ነው። ፒያሳ ወጥታ መንገድ ይጠፋታል። አክስቴም በዚሁ ዕድሜ እንዲህ ጀምሯት ነው የሞተችው። ጎረቤት "ጃጀች" ይላል።

አይዞሽ እህቴ። በ48 ዓመት ሰው አይጃጅም። የአክስትሽን ነገር ለሐኪሙ አስቀድመሽ ንገሪው። ግን ዘር ነው ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ሊታከም የሚችለው ይታይ፦ ታይሮይድ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝ። ወድቃ ጭንቅላቷን ተመትታ እንደሆነም ተናገሪ። ጠበሉን ውሰዷት፣ ምርመራው ግን አይቅር።

ከማራኪ፦ አልዛይመር ሲነሳ የሚጠራው አሚሎይድ ምንድን ነው?

የፕሮቲን ቁራጭ ነው። ሁላችንም አንጎል ውስጥ ይመረታል፣ ይጠረጋልም። ካልተጠረገ ጋን ስር እንደሚዘቅጥ አተላ በሴሎቹ መካከል ይረጋል። ቀጥሎ ታው የሚባል ሌላ ፕሮቲን ሴሎቹ ውስጥ ይተበተብና ሴሎቹ ይሞታሉ። እኔን ሁሌ የሚያስጨንቀኝ ጊዜው ነው። በዘር በሚመጣው ዓይነት ክምችቱ የሚጀምረው ምልክቱ ከመታየቱ 20 ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው። ይህ ዓይነት ኖሮባት በ48 የምትረሳ ሴት፣ ልጆቿን አዝላ ስትሮጥ በነበረችበት ዕድሜ ጀምሯታል ማለት ነው።

ከአራዳ፦ እናት ካለባት ልጆቿ ሁሉ ይይዛቸዋል?

አይደለም። በዘር በሚመጣው ዓይነት ለእያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ወንድም ሴትም እኩል ነው። ያልወረሰ ልጅ ለልጆቹ አያስተላልፍም። በሽታውን እንደሚያወርሱ የሚታወቁት ዘረመሎች (ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፉ የዘር መልእክቶች) 3 ናቸው፦ ኤፒፒ፣ ፕሪሰኒሊን 1 እና ፕሪሰኒሊን 2። ኮሎምቢያ ውስጥ ዶክተር ፍራንሲስኮ ሎፔራ ከ1980ዎቹ ጀምረው ያጠኑት፣ ይህ ዓይነት በዘሩ ያለበት ትልቅ ቤተ ዘመድ አለ፤ ብዙዎቹ በ40ዎቹ ዕድሜያቸው መርሳት ይጀምራሉ። ከመካከላቸው አንዲት ሴት ግን አንጎሏ በአሚሎይድ ተሞልቶ ሳለ እስከ 70ዎቹ ዕድሜዋ ደህና ቆየች። ሌላ ብርቅ የዘረመል ለውጥ እንደጠበቃት ይታሰባል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ተስፋ ይሰማኛል።

ከቆላ ድባ፦ አባቴ በ80 ዓመቱ ይረሳል፤ ለእኔም ይተርፋል?

ያ ሌላ ነው ወንድሜ። ከመቶ ታማሚ በቀጥታ የወረሰው 1 እንኳ አይሞላም።

ደግሞ ከአዘዞ፦ መድኃኒት አለው? ስሜን ስትስት ላርማት?

የሚያድን የለም። ሌካኔማብ የሚባለው መድኃኒት በ2023 አሜሪካ ውስጥ ሙሉ ፈቃድ አግኝቷል። አሚሎይዱን ይቀንሳል፣ ገና በጀመራቸው ሰዎች ላይ በሽታውን ያዘገያል፤ አንጎል ሊያሳብጥና ሊያደማም ይችላል። ስምሽን ስትስት አትቆጫት። "እኔ ነኝ እማዬ" በያትና እጇን ያዢ። ከሰሉ ዘንድ ብቻዋን አትተዊያት፤ ቡናውን ግን አብራችሁ አፍሉ።