ሦስት አንቲ ቫይረስ ለአንድ ላፕቶፕ? አንዱ ይበቃሻል

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባጭሩ ያልሽው ይህ ነው። ቢቸና መምህርት ነሽ፤ ቤት ውስጥ ኮር አይ ፋይቭ 5ኛ ጄኔሬሽን ላፕቶፕ አለ፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ዊንዶውሱ 10። አንቺ ፈተና ታዘጋጂበታለሽ፣ ልጆቹ ፊልም ያዩበታል፣ ጌም ይጫወቱበታል። የሸጠልሽ ሰው ሦስት አንቲ ቫይረስ ጭኖበታል፤ አንዱ የሙከራ ጊዜው አልቆ ሁልጊዜ ክፈይ ይልሻል። ላፕቶፑ እስኪነሳ ቡና ይፈላል። ያም ሆኖ ፍላሽሽ ላይ ያሉት ፎልደሮች ሾርትከት እየሆኑ አስቸግረውሻል። የቱን ላስቀር፣ የቱን ላጥፋ፣ ገንዘብስ ላውጣ ወይ ነው ጥያቄሽ።

ገንዘብ አታውጪ። ሦስቱንም አጥፊና ዊንዶውሱ ራሱ ይዞት የመጣውን ዲፌንደር አስቀሪ። በላዩ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ትጨምሪያለሽ፤ እመጣበታለሁ።

ይህን የምልሽ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ 9 ዓመት ጥገናና ፎቶ ኮፒ ሠርቻለሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ መምህሩ ፈተናውን፣ የቢሮ ሠራተኛው ሪፖርቱን በፍላሽ ይዞ ይመጣል። በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚሰካ አስቢው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እኔም እንደ ሻጭሽ ነበር የማስበው። ሁለትና ሦስት አንቲ ቫይረስ እየደራረብኩ ለደንበኛ እሰጥ ነበር፤ ደንበኛውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ከወር በኋላ ያው ማሽን ተመልሶ ይመጣል፣ ከበፊቱ ብሶበት።

ምክንያቱ ይህ ነው። አንቲ ቫይረስ ፋይል በተከፈተ ቁጥር መሃል ገብቶ ይፈትሻል። ሁለት ከሆኑ ሁለቱም ያንኑ ፋይል ይፈትሻሉ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ይጠረጥራል፣ 4 ጊጋ ራም ደግሞ ይህን አይችልም። ከዚህ የባሰው ሌላው ነው። ዲፌንደር ሌላ አንቲ ቫይረስ ሲጫን ራሱን ያጠፋል። የተጫነው ደግሞ ጊዜው አልፎበት የአዳዲስ ቫይረሶችን መረጃ የማያወርድ ሲሆን፣ ቤትሽ ዘበኛ ያለው እየመሰለሽ ላይኖረው ይችላል። እንዲህ ያለ ማሽን ብዙ አይቻለሁ፤ የጋሻው ምልክት እያለ ጥበቃው የሞተ።

አንዱ ስማዳቭ ነው ብለሻል። እሱ የኢንዶኔዥያ ሥራ ነው፤ ሠሪዎቹም ያዘጋጁት ከዋናው አንቲ ቫይረስ ጎን እንደ ሁለተኛ ሆኖ በተለይ ፍላሽ እንዲጠብቅ ነው። በዊንዶውስ ኤክስፒና 7 ዘመን ትርጉም ነበረው፤ የዊንዶውስ 7 ዲፌንደር የሚከላከለው ስፓይዌርን (ሰላይ ፕሮግራምን) እንጂ ቫይረስን አልነበረም። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ግን ዲፌንደር ሙሉ አንቲ ቫይረስ ነው። ስለዚህ ባንቺ ማሽን ላይ አያስፈልግም እላለሁ።

ስታጠፊ ሦስቱንም ባንድ ጊዜ አትንቀዪ። አንዱን አን ኢንስቶል፣ ሪስታርት፣ ከዚያ ሌላውን። አልጠፋም የሚል ካለ ሠሪው ድርጅት ራሱ ለዚሁ ያዘጋጀው ማጥፊያ ይኖረዋል፤ ከሠሪው ገጽ ብቻ አውርጂው። ሲያልቅ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ክፈቺና "ሪል ታይም ፕሮቴክሽን" በርቶ እንደሆነ በዓይንሽ እዪ። ይህን ሳታዪ እንዳታልፊ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ አፕዴት። አፕዴት ያልተደረገ አንቲ ቫይረስ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ነው። ትናንት የወጣውን ቫይረስ አያውቀውም። የኛ ችግር ደግሞ ዳታ ነው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ የስልኬን ሆትስፖት ላፕቶፑ ላይ "ሜተርድ ኮኔክሽን" ብዬ አስቀምጠዋለሁ፤ ያኔ ትላልቆቹ የዊንዶውስ አፕዴቶች በራሳቸው እየወረዱ ፓኬጄን አይጨርሱትም። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ገብቼ የዲፌንደሩን "ቼክ ፎር አፕዴትስ" እጫናለሁ። ባለፉት ዓመታት አካባቢያችን ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ በቆየበት ጊዜ ደግሞ ሌላ መንገድ ነበረን። ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን መረጃ ባንድ ፋይል አድርጎ በገጹ ላይ ያስቀምጣል። ኢንተርኔት ያለበት ከተማ የሚሄድ ሰው ያወርድልናል፣ እኛ ሁለቴ ክሊክ አድርገን እንጭነዋለን፣ አለቀ። ፋይሉ ከ100 ሜጋባይት በላይ ነውና ባንድ ጊዜ ወርዶ ለጎረቤትም ለትምህርት ቤትም ቢዞር ይሻላል። ለ64 ቢትና ለ32 ቢት የተለያየ ስለሆነ የማሽንሽን አይተሽ ላኪ።

የፍላሹን ነገር ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ፤ ጎጃም ውስጥ ቤት ኮምፒውተር የሚያሳምመው ከሁሉ በላይ እሱ ነው። ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ፋይልሽን አልበላውም። ደብቆታል። እውነተኛውን ፎልደር ስውር ያደርገዋል፣ በቦታው በዚያው ስም ሾርትከት ያስቀምጣል። ያንን ሾርትከት ስትጫኚ ፎልደሩም ይከፈታል፣ ከጀርባ ደግሞ ቫይረሱ ይነሳና ላፕቶፕሽ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ የሚሰካውን ፍላሽ ሁሉ ይይዛል። ሰው ግን ፋይሌን በላው ብሎ ፍላሹን ፎርማት ያደርጋል። አንድ አባት የልጃቸውን የሠርግ ፎቶ በሙሉ እንዲህ ፎርማት አድርገው ከጨረሱ በኋላ ነው እኔ ዘንድ የመጡት። ከፎርማቱ በፊት ቢመጡ የ5 ደቂቃ ሥራ ነበር። ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ያዢ። መጀመሪያ ፍላሹን ንቀዪና ላፕቶፑን አጽጂ፤ ላፕቶፑ ካልጸዳ ፍላሹን መቶ ጊዜ ብታጸጂው ሲሰካ ይመለሳል። ዲፌንደር ውስጥ "ኦፍላይን ስካን" የሚል አለ። ማሽኑን አጥፍቶ ያስነሳና ዊንዶውስ ሳይከፈት ይፈትሻል፣ 15 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ቫይረሱ ገና ሳይነሳ ስለሚያገኘው ከተለመደው ስካን ይበልጣል። መብራት እንዳይጠፋብሽ ባትሪው ሙሉ ይሁን። ከዚያ ፍላሹን ሰክተሽ ምንም ሳትከፍቺ በቀኝ ክሊክ "ስካን ዊዝ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር" በይ። ይህን በእጅሽ ማድረግ አለብሽ፤ ሙሉ ስካን ቢባልም ዲፌንደር ካልተነገረው ፍላሽን አይፈትሽም። ቀጥሎ ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ "ቪው" ገብተሽ "ሂደን አይተምስ" ላይ ምልክት አድርጊ። አሁንም ካልታየ ፎልደር ኦፕሽን ውስጥ "ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ" የሚለውን ምልክት አንሺ። ፎልደሮችሽ ፈዘዝ ብለው ይመጣሉ። ወደ ላፕቶፑ ገልብጪያቸው፣ ደህና መሆናቸውን ከፍተሽ እዪ፣ ያኔ ፍላሹን ፎርማት ማድረግ ትችያለሽ።

እዚያው ሳለሽ የፋይል ስም መጨረሻ፣ ኤክስቴንሽኑ እንዲታይ አድርጊ። የፎልደር ምስል ለብሶ ስሙ "ዶት ኢኤክስኢ" ብሎ የሚያልቅ ነገር ካየሽ ፎልደር አይደለም፤ አትንኪው።

ለፕሪንት ስትሄጂ ደግሞ ሥራሽ ያለበትን ፍላሽ አትያዢ። ፈተናውን ፒዲኤፍ አድርገሽ በቴሌግራም ላኪላቸው፤ የአማርኛው ፊደል ሳይበላሽ ይወጣል፣ ፍላሽም አይነካካም። ኔት ከሌለ ለፕሪንት ብቻ የሚሆን ባዶ ፍላሽ ይኑርሽ። እኔም ባለ ፎቶ ኮፒ ሆኜ ይህን ስልሽ ሙያዬን እያማሁ አይደለም፤ በቀን ሃምሳ ሰው ፍላሽ የሚሰካበት ማሽን የቱንም ያህል ብትጠብቂው ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ሆኖ አይውልም።

ቫይረስ የሚገባበት ሁለተኛው በር ክራክ ነው፤ የሚከፈልበትን ሶፍትዌር ሳይከፍሉ የሚያሠራው ማለቴ ነው። እዚህ ላይ አንቲ ቫይረስ አያድንሽም፤ ክራኩን ለመጫን ራስሽ ታጠፊዋለሽና። ከቴሌግራም የወረደው አክቲቬተር መጀመሪያ የሚለው "ዲፌንደርን አጥፉ" ነው። ሌባ በሩን ክፈቱልኝ ሲል መክፈት ማለት ነው። ስቶፕ ወይም ዲጄቪዩ የሚባል ፋይል ቆላፊ አለ፤ ይዛመት የነበረው በአብዛኛው በተሰነጠቀ ሶፍትዌር ነው። ፋይሎችን ሁሉ ይቆልፍና 980 ዶላር ይጠይቅ ነበር፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ላነጋገረው በግማሹ በ490። የመመረቂያ ጽሑፏን ልታቀርብ ሁለት ሳምንት የቀራት ተማሪ ይህ ደርሶባት ላፕቶፗን ታቅፋ ሱቄ መጣች። ለአማርኛ መጻፊያ ብላ ከአንድ ቻናል ክራክ አውርዳ ነበር። ልከፍትላት አልቻልኩም። ለአማካሪዋ ልካው የነበረ የቆየ ቅጂ ኢሜይሏ ውስጥ አግኝተን ከዚያ ቀጠለች፤ የሁለት ወር ሥራ ግን ጠፋ።

ለአማርኛ መጻፊያ ክራክ ምን ያደርጋል? ኪማን የሚባለው ነፃ ነው፣ ዊንዶውስ ራሱም የአማርኛ ኪቦርድ አለው። የቢሮ ሥራም ለሊብሬ ኦፊስ አይከብደውም፣ እሱም ነፃ ነው።

ለልጆቹ የራሳቸውን አካውንት ክፈቺ፣ "ስታንዳርድ" የሚባለውን። አድሚን አትስጫቸው። ጌም ብለው የሚያወርዱት አብዛኛው ነገር ለመጫን ያንቺን ፓስዎርድ ይጠይቃል፤ ያኔ አንቺ ታያለሽ። ይህ ምንም ብር የማያስወጣ፣ ራምም የማይበላ ጥበቃ ነው፤ ለምን ሰው እንደማያደርገው አይገባኝም።

አሁን የምትጨምሪያቸው ሁለቱ። አንደኛው ማልዌርባይትስ ነው፣ ነፃው። ሲጫን የ14 ቀን ሙከራ ሊሰጥሽ ይችላል፤ ያ ሲያልቅ አንቺ ካላዘዝሽው የማይነሳ ይሆናል፣ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው። ከዲፌንደር ጋር አይጋጭም። በወር አንዴ፣ ወይ የሚያጠራጥር ነገር ስታዪ ስካን ታደርጊበታለሽ። ሁለተኛው ለብሮውዘር የማስታወቂያ መከላከያ፣ ዩብሎክ ኦሪጅን። ልጆች ፊልም ሲፈልጉ "ኮምፒውተርዎ 5 ቫይረስ ተገኝቶበታል" ብሎ የሚወጣው አብዛኛው የሐሰት ማስታወቂያ ነው፤ እሱን ጠቅ ሲያደርጉ ነው እውነተኛው የሚገባው። ሙሉው ዩብሎክ አሁን ክሮም ላይ አይሠራም፣ "ላይት" የሚባለው ብቻ ነው ያለው፤ ስለዚህ ፋየርፎክስ ጫኚ። ማስታወቂያው ስለማይወርድ ዳታም ይቆጥብልሻል።

በቃ፣ ይኸው ነው ሶፍትዌሩ። የቀረው ባክአፕ፣ የፋይልሽ ሁለተኛ ቅጂ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማስቀድመው እሱን ነው። "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" ይሉ የለ? ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከቻልሽ ግዢ፣ ካልቻልሽ የልጆቹን ፎቶና ፈተናዎችሽን ብቻ የሚይዝ አንድ ጥሩ ፍላሽ። በወር አንዴ ገልብጠሽ ንቀዪና ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጪ። መንቀሉን አደራ። ተሰክቶ የሚውል ባክአፕን ቆላፊው አብሮ ይቆልፈዋል። ዲፌንደር ውስጥ ደግሞ "ራንሰምዌር ፕሮቴክሽን" ስር "ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ" የሚል አለ፤ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፣ አብሪው። የማያውቀው ፕሮግራም ዶክመንትሽን እንዳይለውጥ ይከለክላል። አንዳንዴ ደህናውንም ይከለክላል፣ ያኔ ፈቃድ መስጠት ነው።

ስለ ዊንዶውሱ አንድ ነገር። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ማሽንሽ 5ኛ ጄኔሬሽን ስለሆነ ዊንዶውስ 11 በደንቡ አይቀበለውም፤ ኢንቴል ከሆነ ከ8ኛ ጀምሮ ነው። ግን ማይክሮሶፍት እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 የሚቆይ ተጨማሪ የደህንነት አፕዴት ፈቅዷል። አፕዴት የሚለው ቦታ ገብተሽ "ኢንሮል" የሚል ካለ በማይክሮሶፍት አካውንት ተመዝገቢ፤ ሴቲንግሽን ባክአፕ እንዲያደርግ ከፈቀድሽ በነፃ ነው። የዲፌንደሩ መረጃ ከዚያም በኋላ በፈረንጅ እስከ 2028 ኦክቶበር እንደሚቀጥል ተናግረዋል፤ ዊንዶውሱ ራሱ ላይ ያለውን ቀዳዳ ግን ዲፌንደር አይደፍነውም። ዋናክራይ የሚባለው ፋይል ቆላፊ በፈረንጅ 2017 ሜይ ላይ ከ200,000 በላይ ማሽን ሲቆልፍ፣ የገባበትን ቀዳዳ መድፈኛ አፕዴት ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። የተጠቃው ያልጫነው ነው።

ዝግታው እነዚያን ሦስቱን ስታጠፊ ይቀንሳል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይጠፋም። ለአንቲ ቫይረስ ልታወጪው የነበረውን ብር ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስኩ ቦታ የሚገባ ፈጣን ማስቀመጫ) ግዢበት፤ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ እንደሱ ለውጥ የሚያመጣ ነገር አላየሁም።

ቅዳሜ ስትጀምሪ ምንም ከማጥፋትሽ በፊት ፎቶዎቹንና ፈተናዎቹን ገልብጪ። ስካኑ ነገር ካገኘ "ኳራንቲን" (ለይቶ ማገድ) በይው እንጂ "ሪሙቭ" (ማጥፋት) ለማለት አትቸኩዪ፤ አንዳንዴ የራስሽ ፋይል ሊሆን ይችላል። ያወጣውን ስም በስልክሽ ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊልኝ፤ ማታ ማታ ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ ስለምገባ አይቼ እነግርሻለሁ።