ሪዱ ነው ወይስ አየሩ? ለጀማሪ የባግፓይፕ ተማሪ

ጥያቄ፦ «ከመለማመጃ ቻንተር (በጣት የሚደፈኑ ቀዳዳዎች ያሉት የዜማ ቧንቧ) ወደ ሙሉው የስኮትላንድ ባግፓይፕ (ከረጢት ያለው የትንፋሽ መሣሪያ) ከተሻገርኩ አንድ ወር ሆነኝ። ሁለት ደቂቃ ሳልጫወት ትንፋሼ ያልቃል፣ ላይኛው ኤ (የቻንተሩ ከፍተኛ ኖታ) ይወርድብኛል፣ አንዳንዴም ያፏጫል። የገዛሁት የቻንተር ሪድ (ሲነፋ እየተርገበገበ ድምፅ የሚፈጥረው የሸምበቆ ቁራጭ) ጥንካሬው ‹መካከለኛ› የሚባለውን ነው። ልለውጠው?»

ገና አይለውጡት። ሦስቱም ችግሮች ከሪዱ ሊመጡ ይችላሉ፤ አየር የሚያፈስ ከረጢትም ሦስቱንም ያመጣል። ከረጢቱ እያፈሰሰ አዲስ ሪድ ቢያስገቡ ምንም አይፈይድም።

ስለዚህ በከረጢቱ ይጀምሩ። ቻንተሩንና ሦስቱን ድሮኖች (አንድ ድምፅ ሳያቋርጡ የሚያሰሙትን ቧንቧዎች) ነቅለው የተሰኩባቸውን ቀዳዳዎች በቡሽ ይድፈኑ። ከረጢቱ እንደ ከበሮ እስኪወጠር ይንፉና በክንድዎ ጫን ብለው ይያዙት። ጤነኛ ከሆነ ተወጥሮ ይቆያል። ከሟሸሸ አየሩ የሚያመልጠው በመንፊያው ቫልቭ፣ በስፌቱ ወይም ክሩ በሳሳበት መጋጠሚያ በኩል ነው። ለመጋጠሚያው ሰም የተቀባ ክር ጥቂት ዙር መጨመር ይበቃል።

ቀጥለው ድሮኖቹን ደፍነው ቻንተሩን ብቻ ይጫወቱ። ቀለል ካለዎት አየርዎን የሚበሉት የድሮን ሪዶች ናቸው። በድሮን ሪዱ ምላስ ላይ ያለችውን የጎማ ቀለበት ወደ ነጻው ጫፍ በግማሽ ሚሊሜትር ገፋ ያድርጓት። የሚርገበገበው ክፍል ሲያጥር የሚፈጀው አየር ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን ከፍ (ቀጠን) ስለሚል ድሮኑን እንደገና መቃኘት አለብዎት። ከልክ በላይ ከገፏት ድሮኑ እየተጫወቱ ሳለ ጸጥ ይላል። ልኩ በተለመደው ግፊት እየጮኸ፣ በርትተው ሲነፉ ብቻ የሚዘጋው ነው።

ድሮኖቹ ተደፍነውም ከደከሙ ያኔ የቻንተሩ ሪድ ጠንክሮብዎታል። «መካከለኛ» ማለት ከሠሪ ሠሪ ስለሚለያይ ጽሑፉን ትተው በአፍዎ ይመኑ። ሪዱን ክር ከተጠመጠመበት ቦታ ይዘው (ምላሶቹን በፍጹም ሳይዙ) ቀስ እያሉ በማዞር ያውጡት። ከንፈርዎን እስከ ክሩ አድርሰው ይንፉበት። ጥሩ ሪድ ጉንጭ ሳያስነፋ እንደ ቁራ ያለ ሻካራ፣ ድርብ ድምፅ ይሰጣል።

በትንሹ ብቻ ከጠነከረ አይንኩት። በቀን 15 ደቂቃ ያህል ሲጫወቱበት ሸምበቆው በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱ ይለዝባል። በጣም ከጠነከረ ከክሩ ከፍ ብሎ፣ ምላሶቹ ወፍራም በሆኑበት ቦታ ላይ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ለ5 ሴኮንድ ለስለስ አድርገው ይጫኑት። ይንፉበት፤ ካልበቃ ይድገሙ። ጫፉ ስስ ስለሆነ ይሰነጠቃል፣ አይንኩት። ምላጭም አያንሱ፤ የተፋቀ ሸምበቆ አይመለስም። ከሚገባው በላይ የላላ ሪድ ደግሞ በርታ ብለው ሲነፉ ይዘጋል፤ ዕድሜውም ያጥራል።

ላይኛውን ኤ የሚመለከቱት ትንፋሽዎ ከተስተካከለ በኋላ ነው፤ የደከመ ክንድ ግፊቱን ሲቀንስ ድምፁም አብሮ ይወርዳልና። ግፊቱ እኩል ሆኖም ከታችኛው ኤ ጋር ሲነጻጸር ከወረደ ከሪዱ ክር አንድ ሁለት ዙር ቀንሰው 1 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ያስገቡት። ሪዱ ሲሰምጥ ሁሉም ድምፆች ከፍ ይላሉ፤ የላይኞቹ ግን ይበልጥ። ከፍ ብሎ ከነበረ ክር ጨምረው ወደ ላይ ያውጡት። መቃኛ መሣሪያው ታችኛውን ኤ «ቢ ፍላት» (ከኤ በግማሽ እርከን ከፍ የሚል ኖታ) ቢልዎት አይደናገጡ፤ የባግፓይፕ ኤ እንደ ተለመደው 440 ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ከ470 እስከ 480 ኸርዝ ነው። አንድ ድምፅ ብቻ ከፍ ብሎ ከሌሎቹ ከወጣ ሪዱን ይተዉት፤ የቀዳዳውን የላይኛ ጠርዝ በቴፕ ትንሽ መሸፈን ያወርደዋል።

ፉጨቱ አብዛኛውን ጊዜ የጣት ነው። ተጫውተው እንደጨረሱ ጣቶችዎን ገልብጠው ይመልከቱ። ቀዳዳው በቆዳው ላይ ሙሉ ክብ ካተመ ተደፍኗል፤ ግማሽ ጨረቃ ከሆነ ግን አየር ያመልጥ ነበር። በተለይ ከኋላ ያለውን የአውራ ጣት ቀዳዳ ይጠርጥሩ።

ልምምዱ ሲያበቃ ቻንተሩን ከከረጢቱ ነቅለው አየር በሚያስገባ ክዳን ውስጥ ያስቀምጡት። እዚያው ከተዉት የከረጢቱ እርጥበት ሪዱን ያረሰርሰዋል። ፀሐይ ወይም ማሞቂያ አጠገብም አያድርቁት፤ ሸምበቆው በድንገት ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ደርቆ ካገኙት ከመጫወትዎ በፊት አንድ ደቂቃ በከንፈርዎ መካከል ይያዙት።