መልስ፦ የአሜሪካው ሮክ ባንድ ሬድ ሆት ቺሊ ፔፐርስ ጊታሪስት ለምን ይቀያይራል?

ወንድሜ፣ ነገሩ የሚጀምረው ከሐዘን ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ከመሥራቾቹ አንዱ፣ ጊታሪስቱ ሂለል ስሎቫክ፣ በ1988 በሄሮይን ሞተ። ድራመሩ ጃክ አይረንስም ሐዘኑን አልቻለውም፤ ጥሎ ወጣ። በሂለል ቦታ የገባው ጆን ፍሩሻንቴ ገና 18 ዓመቱ ነበር፤ የለየለት የባንዱ አድናቂ! ከበሮውን ቻድ ስሚዝ ያዘ። የ1991ዱ አልበም ዓለም ላይ ሲያወጣቸው ግን ልጁን ዝናው ከበደው። በ1992 ጃፓን ላይ የኮንሰርት ጉዞውን አቋርጦ ሄደ። በኋላ በቦታው የገባው ዴቭ ናቫሮ ጎበዝ ነው፤ ለእኔ ግን ከእነሱ ጋር አልገጠመም። ፍሩሻንቴ በ1998 ተመለሰ፣ በ2009 እንደገና ወጣ፣ በ2019 ይኸው መጣ። በመሃል የነበረው ጆሽ ክሊንግሆፈር ነው። «ኢትዮጵያ» የሚል ዘፈን ያለበት የ2011 አልበም የእሱ ዘመን ነው፤ ካልሰማኸው ፈልገው።