ማስታወቂያው በማን ላይ ሠራ?

ልጆቼ፣

ዘንድሮ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትመርጡ፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የምትማሩ የገበያ ጥናትና የኮምፒውተር ተማሪዎች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖርሁት በማስታወቂያ ሥራ ነው። ከዚያ ውስጥ የሚበዛውን ጊዜ ያሳለፍሁት ለኮሌጆች በራሪ ወረቀትና ባነር በማዘጋጀት ነበር። ነሐሴ ሲጋመስ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር በየምሰሶው ላይ የሚሰቀለውን «ምዝገባ ጀምረናል» የሚለውን ጨርቅ ብዙውን እኔ አሠርቼዋለሁ።

ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የሠራሁትን አንድ በራሪ ወረቀት ልንገራችሁ። አንድ የግል ኮሌጅ ነበር ያሠራኝ። ቤተ ሙከራው ገና አላለቀም፤ ባለቤቱ «እስከ ኅዳር ይደርሳል» አለኝ። እኔም ከኢንተርኔት ላይ ማይክሮስኮፕ የተደረደረበት፣ ነጭ ጋውን የለበሱ የውጭ አገር ተማሪዎች የሚሥቁበት ፎቶ አውርጄ አስገባሁ። ወረቀቱ አማረ። ተመስግኜ ተከፈለኝ።

መስከረም ላይ ለሌላ ጉዳይ እዚያው ኮሌጅ ግቢ ቆሜ ሳለሁ አንድ አባት ከልጃቸው ጋር መጡ። ከኩታበር ነበር የመጡት፤ ለመመዝገቢያው ሁለት በግ ሸጠዋል። ልጅቱ ወረቀቱን አራት ላይ አጥፋ በሻርፗ ጫፍ ቋጥራዋለች። ፈታችና ፎቶውን በጣቷ እያሳየች «ይኼኛው ክፍል የትኛው ነው?» አለችኝ። ወስጄ አሳየኋት። ክፍሉ ውስጥ የቀለም ባልዲና መሰላል ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ወረቀቱን፣ አንድ ጊዜ ግድግዳውን ስታይ ቆየች። ከዚያ «እነዚህ ልጆችስ እዚሁ ነው የሚማሩት?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። አባቷ «አብሽሪ ልጄ፣ ይሠራሉ ብለዋል» አሉና ወደ ሬጅስትራር ወሰዷት። ተመዘገበች።

ያ ወረቀት በባለሙያ ቋንቋ ውጤታማ ነበር፤ የምዝገባው ቁጥር ጨምሯል። በማን ላይ እንደ ሠራ ግን አልጠየቅሁም ነበር። መምህርና ሐኪም ያለው ቤት ቢሆን ደውሎ ያጣራ ነበር። ወረቀቱ የያዘው ማጣሪያ የሌላትን ልጅ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ በሥራዬ የቀደመው ጥያቄ ይህ ሆነ፤ እናንተም ርእሳችሁን ከዚህ እንድትጀምሩ እለምናችኋለሁ።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ለአመልካቾች ባሳተመው መጽሔት ሽፋን ላይ በስታዲየም የሚጨፍሩ ነጭ ተማሪዎች መካከል የአንድ ጥቁር ተማሪ ፊት ይታይ ነበር። ተማሪው በዚያ ጨዋታ ላይ አልነበረም፤ ፊቱ ከሌላ ፎቶ ተቆርጦ በኮምፒውተር የተለጠፈ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ ጠይቆ ሽፋኑን ቀየረ። እኔ የሌለ ክፍል ለጠፍሁ፣ እነርሱ የሌለ ሰው ለጠፉ።

እዚያ «ዘር» ሲባል በዋናነት የቆዳ ቀለም ማለት ነው። ከኋላውም የባርነትና በሕግ የጸና የመለያየት ታሪክ አለ፤ ጥቁር ተማሪዎች በሕግ ከብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተከልክለው ኖረዋል። እኛ ዘንድ ቃሉ ሌላ ቁስል ይነካል። ስለዚህ የእነርሱን ጥናት እንዳለ ገልብጣችሁ ስሙን ብቻ «ደሴ» ብትሉት ውሸት ይሆንባችኋል። መለኪያው ግን ይጠቅማችኋል፤ በመለኪያው ላይ ትንሽ ልቆይ።

በአሜሪካ ለትርፍ የሚሠሩ ኮሌጆች ብዙ ተማሪ በብዙ ዕዳ አስቀርተዋል። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ፊኒክስ ከታላላቅ ኩባንያዎች ጋር የሥራ ትስስር ያለው በሚያስመስል ማስታወቂያ ተከሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በ191 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ጉዳዩን ዘግቷል። ከዚህ ውስጥ 141 ሚሊዮኑ የተማሪዎች ዕዳ ስረዛ ነበር። ይህ በሰው እጅ የተዘጋጀ ማስታወቂያ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣው የባሰ ረቂቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የፕሪንስተንና የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከፍለው በፌስቡክ ማስታወቂያ አወጡ። አንዱ ለትርፍ የሚሠራ ኮሌጅ ማስታወቂያ ነው፣ ሌላው የመንግሥት። ጥቁርና ነጭ ተመልካቹን በእኩል ቁጥር አዘጋጅተው ለሁለቱም ሰጡ፤ «ለእነ እገሌ አሳይ» የሚል ትእዛዝ አልጨመሩም። የኩባንያው አልጎሪዝም፣ ማስታወቂያው ለማን እንደሚታይ የሚወስነው የኮምፒውተር ቀመር፣ ግን ለትርፍ የሚሠራውን ኮሌጅ ማስታወቂያ ከሌላው ይልቅ ለጥቁሮች አብዝቶ አሳየ። ማሽኑ ለማን እንደሚታይ የሚወስነው ካለፈው ነው፤ ካለፈው ውስጥ ደግሞ ያ ሁሉ በደል ተቀምጧል።

ሁለተኛው ምሳሌ ገንዘብ የለኝም ለምትሉኝ ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው የኮምፒውተር ተመራማሪ ትምኒት ገብሩና ባልደረባዋ ጆይ ቡኦላምዊኒ እ.ኤ.አ. በ2018 ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ ሦስት የገበያ ሶፍትዌሮችን ፈተኑ። በቆዳቸው ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ ስሕተቱ ከ1 በመቶ በታች ነበር። ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። እስከዚያ ድረስ ይህ ያልታየው ሶፍትዌሮቹ የሚፈተኑባቸው የፎቶ ስብስቦች በአብዛኛው የነጣ ቆዳ ስለ ነበሩ ነው። ሴቶቹ ታዲያ አዲስ ስብስብ ሠሩ፤ ከሦስት የአፍሪካና ከሦስት የአውሮፓ አገሮች የ1,270 የፓርላማ አባላትን ፎቶ ከየምክር ቤቱ ድረ ገጽ ለቀሙ። ለማንም ክፍት የሆነ ፎቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ብልሃት ሳይ እኮራለሁ፣ ደግሞም እቆጫለሁ፤ በወጣትነቴ እንዲህ ብዬ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

የሚያሳስበኝን አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። በአሜሪካ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ይወድቅ እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚገምት ሶፍትዌር ይጠቀማሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ የጋዜጠኞች ምርመራ፣ ከእነዚህ አንዱ ጥቁር ተማሪዎችን ከነጮቹ እስከ አራት እጥፍ ድረስ «ለአደጋ የተጋለጡ» ብሎ ሲፈርጅ ተገኝቷል። እንዲህ ያለው ሶፍትዌር አንድ ቀን ወደ እኛም ይመጣል። ያን ጊዜ ከየትኛው ዓመት ውጤት ላይ እንደሚማር ጠይቁ። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት እስከ ኅዳር መገባደጃ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ውስጥ ነበሩ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተሩንና የቤተ ሙከራ ዕቃውን ተዘርፏል፤ እናንተም ያን ጊዜ የት እንደ ነበራችሁ ታውቃላችሁ። የዚያን ዓመት ውጤት ያለ ታሪኩ የሚያነብ ማሽን የወሎን ልጅ «ደካማ» ብሎ ይጽፋል። ጦርነቱን የሚጽፍበት ሳጥን የለውምና።

የዚያኑ ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 ከወሰዱት በመላ አገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀረው 96 ከመቶ በላይ ለማስታወቂያ ባለሙያ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ገበያ ይመስላል። ያዘነ ልጅና የጨነቀው ወላጅ ቶሎ ይፈርማል። ሐምሌ 2015 የጀመረው፣ ተመራቂዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተና ደግሞ አንዳንዱ ፊርማ የት እንዳደረሰ አሳይቷል። ይህን አጥኑት። የትኛው ኮሌጅ ለማን፣ በየትኛው ወር፣ በምን ፎቶ፣ ምን ብሎ ማስታወቂያ አወጣ? ዕውቅና ያላገኘበትን የትምህርት መስክ ጨምሮ ጽፏል ወይ? የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ጠይቃችሁ ከወረቀቱ ጋር አስተያዩት።

ስለ መጠይቅ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። መጠይቃችሁን በቴሌግራም ለቃችሁ በሁለት ቀን 200 መልስ ስታገኙ ደስ ይላችኋል። የመለሰላችሁ ግን ስልክ ያለው፣ ዳታ የገዛና ኔትወርክ የሚያገኝ ተማሪ ነው። ማስታወቂያ የጎዳው ልጅ ብዙ ጊዜ ከእነዚያ ውስጥ የለም። ስለዚህ ወረቀት አትማችሁ ሰኞ ገበያ ተገኙ፤ ኩታበር ሂዱ፤ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በር ላይ ፈረቃ ሲለወጥ ቁሙ። ትምህርት አቋርጠው በዚያ የሚሠሩ ልጆች አሉ፤ ማን ምን ተስፋ እንደ ሰጣቸው ይነግሯችኋል። አንብቦ መመለስ ለማይመቸው እናንተ አንብቡለት፤ መልሱን በራሱ ቃል ጻፉት፣ አታሳምሩት። ስሙንም ማንም እንዳያይ ጠብቁ። አማካሪያችሁ «ናሙናው አነሰ» ቢል ያሰባሰባችሁበትን መንገድ በዝርዝር አስረዱ እንጂ ወደ ቴሌግራም አትመለሱ።

እኔ ዘንድ ከሃያ ዓመት በላይ ያጠራቀምኋቸው የደሴና የኮምቦልቻ ኮሌጆች በራሪ ወረቀቶች አሉ፤ የራሴም የሌሎችም ሥራ። በዓመት በዓመት አስሬያቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን እስር ፈትቼ ፎቶዎቹን ብቻ መቁጠር ጀመርሁ፤ ሴት ስንት፣ ከገጠር የመጣች የምትመስል ስንት፣ እውነተኛ የግቢው ፎቶ ስንት፣ ከኢንተርኔት የወረደ ስንት። ዐይኔ ደከመና አቆምሁ። ያ የኩታበሯ ልጅ ወረቀት ከላይ ነው፤ ከእርሱ ጀምራችሁ መቁጠር የምትፈልጉ ካላችሁ ክረምቱ ሳይገባ ኑ፤ ካርቶኑን ዝናብ እንዳያገኘው ከአልጋ ሥር አንሥቼ ቁም ሣጥን ላይ አድርጌዋለሁ።