ጥፋቱ የኮቹ ነው ወይስ የእኔ?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው ያለሁት። በኤፍሲኤስ (ከዲቪዥን 1 ፉትቦል ሁለተኛው እርከን) ደረጃ ለሚጫወት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል እጫወታለሁ፤ ኮርነርባክ (ከዳር ሆኖ የተቃራኒን ኳስ ተቀባይ የሚይዝ ተከላካይ) ነኝ። ሦስተኛ ዓመት ነኝ፣ ኪኒሲዮሎጂ (የሰውነት እንቅስቃሴ ጥናት) አጠናለሁ፣ ግማሽ ስኮላርሺፕ አለኝ። ዘንድሮ አዲስ የመከላከል ኮች መጥቶ ከሜዳው ጠባብ ጎን ወደ ሰፊው በኩል አዞረኝ። በእኔ በኩል ሦስት ረጃጅም ተችዳውን (ጎል እንደማለት) ገባ፤ ከ6ኛው ጨዋታ በኋላ ቤንች ሆንኩ። ጓደኞቼ «ኮቹ ነው፣ ፖርታል (ዩኒቨርሲቲ መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች መዝገብ) ግባ» ይላሉ። አባቴ «ተሰጥኦው የለህም፣ ተወውና ነርሲንግ ግባ» ይላል። ኤጀንት ልያዝ? ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሁሉም ለምን እንደማልጫወት ይጠይቀኛል፤ አፈርኩ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኞችህም አባትህም ፈርደዋል። ፊልሙን ቁጭ ብሎ ያየ ግን ከመካከላቸው አንድም የለም። አንተም በስሜት እንጂ በቁጥር ያየኸው አይመስለኝም።

«ወደ ሰፊው አዞረኝ» ብለህ በአንድ መስመር ያለፍካት ነገር የደብዳቤህ ዋና ጉዳይ ናት። የኮሌጅ ሜዳ ስፋቱ 160 ጫማ ነው፤ ሁለቱ የሃሽ መስመሮች (ጨዋታ ሲጀመር ኳሱ የሚቀመጠው እነሱ ላይ ወይም በመካከላቸው ነው) በ40 ጫማ ይራራቃሉ። ኳሱ አንዱ ሃሽ ላይ ሲቀመጥ በጠባቡ በኩል እስከ ሳይድላይን (የሜዳው የጎን መስመር) ያለው 20 ያርድ ነው፣ በሰፊው በኩል ከ33 ያርድ ይበልጣል። አምና ሳይድላይኑ ራሱ አብሮህ ይከላከል ነበር፤ ሪሲቨሩን (የምትይዘውን ኳስ ተቀባይ) ወደዚያ ገፋ ካደረግከው መሄጃ አልነበረውም። ዘንድሮ ያው እግር፣ ያው ቴክኒክ፣ 13 ያርድ ተጨማሪ ሜዳ። ይህ ብቻውን የተሰጥኦ ማነስም የአሰልጣኝ ድክመትም አይደለም፤ ሥራህ ተቀይሯል፣ አንተ ግን አሮጌውን ሥራ ነው እየሠራህ ያለኸው።

የቀረውን ፊልሙ ይነግርሃል። ቪዲዮ ክፍል ሄደህ የስድስቱን ጨዋታዎች የፓስ ስናፕ (ኳሱ ከመሬት ተነሥቶ ለመወርወር የተጀመረበትን እያንዳንዱን አጋጣሚ) በሙሉ አስቆርጥ፤ ኳስ ወደ አንተ የመጣበትን ብቻ እንዳይሰጡህ። ሪሲቨሩ ሁለት ያርድ ጥሎህ ሄዶ ኳርተርባኩ (ኳስ ወርዋሪው) ሳያየው የቀረበት ስናፕም ሽንፈት ነው። ተጣብቀህበት ሳለ ግሩም ኳስ ተወርውሮ የተያዘብህ ደግሞ ሽንፈት አይባልም። ከዚያ እያንዳንዱን ሽንፈት አራት ቦታ ላይ አቁመው፦ ስናፑ ላይ፣ የሪሲቨሩ ሁለተኛ እርምጃ ላይ፣ አቅጣጫ ሲቀይር፣ ኳሱ ሲደርስ። መጀመሪያ የተበለጥከው የቱ ላይ እንደሆነ በወረቀት ጻፍ።

ስናፑ ላይ ከሆነ አቋቋምህ ተሳስቷል፤ ለምሳሌ ሴፍቲው (ከኋላ የሚጠብቀው ተከላካይ) ከውስጥ እየረዳህ አንተም ውስጡን ይዘሃል፣ ውጭው ባዶ ነው። በሌላኛው ጫፍ ያለው ኮርነርም ይህንኑ ከደጋገመው የጥሪው ወይም የማስተማሩ ችግር ነው፣ እዚህ ላይ ኮቹን መውቀስ ትችላለህ። አንተ ብቻ ከሆንክ ፕሌይቡኩን (የቡድኑን የጨዋታ ዕቅድ) አልያዝከውም።

ሁለተኛው እርምጃ ላይ ከሆነ ፕረስህ (ሪሲቨሩን ከመነሻው ተጠግተህ አያያዝህ) ነው፤ እንደምገምተው አብዛኛው እዚህ ይወድቃል። እጅህ ቀድሞ ይሄዳል፣ እግርህ ይቆማል፤ ወይም ሪሲቨሩ ትከሻውን ነቅነቅ ሲያደርግ ዳሌህን በር እንደመክፈት ትከፍትለታለህ። መድኃኒቱ አሰልቺ ነው፦ ሁለት እጅህን ከኋላህ አጣምረህ፣ 5 ያርድ ውስጥ ሪሲቨሩን በእግር ብቻ መከተል፣ 8 ጊዜ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከልምምድ በፊት። ኮቹ ይህን እስኪያሠራህ አትጠብቅ። በኤንሲኤኤ (የኮሌጅ ስፖርት አስተዳዳሪ ማኅበር) ሕግ በውድድር ወቅት ያለው ጊዜ በሳምንት 20 ሰዓት ነው፤ ስብሰባው፣ ፊልሙ፣ ክብደት ማንሳቱ ሁሉ በዚያ ውስጥ ይገባል፣ አዲስ ሲስተም የሚተክል ኮች ደግሞ ለአንድ ሰው እግር የሚተርፈው ደቂቃ የለውም።

አቅጣጫ ሲቀይር ከሆነ ዓይንህ ነው፤ ሰው እየያዝክ ኳርተርባኩን ታያለህ። የሪሲቨሩን ቀበቶ እይ።

ኳሱ ሲደርስ ብቻ ከሆነ ግን ወደ አባትህ ቃል እንመጣለን። አባትህ «ተሰጥኦ» የሚለው የሚታየው ሁሉን በትክክል ሠርተህ፣ ዳሌ ለዳሌ ሆነህ፣ ከ20 ያርድ በኋላ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ሁለት ሲጥልህ ብቻ ነው። ከ40 ሽንፈት 4 ወይም 5 እንዲህ ከሆነ አባትህ ተሳስቷል። ግማሹ ከሆነ ስለ ኮርነርነትህ ልክ ነው፣ ስለ ፉትቦልህ ግን አይደለም፤ ሴፍቲ መሆን እንደምትችል ጠይቅ። በኋላ ታዋቂ የኤንኤፍኤል (የፕሮፌሽናሉ ሊግ) ኮርነር የሆነው ሪቻርድ ሸርማን ስታንፎርድ ሳለ ከሪሲቨርነት ወደ ኮርነርነት ነው የዞረው፤ በ2011 ድራፍት (የሊጉ ክለቦች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) በ5ኛው ዙር 154ኛ ሆኖ ተመረጠ። ቦታ መቀየር ውርደት አይደለም። አምስት ክሊፕ ይዘህ ለኮቹ «እዚህ ምን ባደርግ ትፈልግ ነበር?» በለው። አጥርቶ ከመለሰልህ የምትማርበት ሰው አለህ፤ «ጠንክር» ብቻ ካለህ ያን ጊዜ ስለ ፖርታል እናወራለን።

ስለ ፖርታሉ ጓደኞችህ የማይነግሩህ አለ። (ክሬዲት ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝና ወደዚህ ማድላቴን ዕወቅልኝ።) በዲቪዥን 1 (ኤፍሲኤስም ያለበት ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ክፍል) አራተኛ ዓመትህን ስትጀምር ከዲግሪህ 60 በመቶው ማለቅ አለበት፤ 120 ክሬዲት ከሆነ 72። ዛሬ 75 ቢኖርህና አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ለሜጀሩ 60 ብቻ ቢቀበልህ፣ ጎበዝ ሆነህም መጫወት አትችልም። ስምህን ካስገባህ በኋላ ደግሞ ያለህበት ዩኒቨርሲቲ ከሚቀጥለው ተርም ጀምሮ ስኮላርሺፑን ሊያቆመው ይችላል። የ2026 የፖርታሉ መግቢያ መስኮት ከጃንዋሪ 2 እስከ 16 ብቻ ነበር፤ ቀጣዩን ኮምፕላያንስ ቢሮ (የዩኒቨርሲቲህን የስፖርት ሕግ ተከታታይ) ጠይቅ፣ ክሬዲትህ ስንት እንደሚቆጠር በጽሑፍ ሳይመጣልህ ግን ምንም እንዳትፈርም።

አባትህን በአክብሮት እንዲህ በለው፦ «ዛሬ ብተው ግማሹን ክፍያ ማን ይሸፍነዋል?» ብድር ነው የሚሸፍነው። ልጁ ቶሎ ሠርቶ ቤቱንም አገር ቤት ያሉትንም እንዲደግፍ መፈለጉ ይገባኛል፤ ግን ነፃ ገንዘብ ጥሎ ብድር መግባት ማገዝ አይደለም። ነርሲንጉም አያመልጥም። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ለሜጀርህም የሚወሰዱ ናቸው፤ ማይክሮባዮሎጂና ስታትስቲክስ ብትጨምር፣ ከዲግሪህ በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር የሚፈጅ የተፋጠነ የነርሲንግ ፕሮግራም አለ። አሁን ክሊኒካል (የነርሲንግ የሆስፒታል ሥልጠና) ከፉትቦል ልምምድ ጋር ልታጣብቅ ብትሞክር ግን ሁለቱም ይበላሻሉ። በኤንሲኤኤ አኃዝ ለድራፍት ብቁ ከሆኑት የኮሌጅ ተጫዋቾች ተመርጠው ኤንኤፍኤል የሚገቡት 1.6 በመቶ ያህል ናቸው፤ ይህን አንተም አባትህም አብራችሁ አንብቡት።

ኤጀንት፦ ቤንች ላይ ላለ ኮርነር አያስፈልግም።

ቤተ ክርስቲያን ለሚጠይቁህ «ዘንድሮ ቦታ ቀይረውኝ እየተማርኩ ነው» በላቸው። ውሸትም አይደለም።