ወጣቱ ሞልቶ አጫጅ ጠፋ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ቢቸና ዙሪያ ትንሽ የጤፍ መሬት አለችኝ። ዘንድሮ ህዳር ላይ አጫጅ ፍለጋ ሁለት ገበያ ዞሬ የተገኘው ልጅ ምሳና ጠላውን ሳይጨምር የአምናውን እጥፍ ጠየቀኝ። ቤቴ ደሞ ዲግሪ ይዞ ስራ ያጣ ልጅ አለ። ሬድዮው ስራ አጥ በዛ ይላል እኔ ሰራተኛ ጠፋ እላለሁ፣ ማናችን ነን የምንዋሸው? (ባለ ጤፉ)

መልስ፦ ማናችሁም አልዋሻችሁም ጋሼ። ጉልበት እንደ እህል ጎተራ አይገባም፣ ሐምሌ ላይ ቦዝኖ የዋለ ልጅ ያንን ቀን ለህዳር አያስቀምጥልዎትም። ጤፍ ደግሞ ያገሩ ሁሉ ባንድ ሳምንት ይደርሳል፣ ከዘገዩበት ይረግፋል። በዚያ ላይ ህዳር 12 ሚካኤል፣ ህዳር 21 ፅዮን፣ ሰንበቱም አለ፣ እነዚህን ሲያወጧቸው ማጭድ የሚነሳበት ቀን ስንት ቀረ? ሁሉም ባለ ማሳ በነዚያ ቀኖች ያንኑ ልጅ ነው የሚጠራው፣ ታዲያ ዋጋው ለምን አይወጣም።

ይሄ ብቻ አይደለም። ድሮ አረም ክረምቱን ሙሉ ሰው ይዞ ይከርም ነበር፣ አሁን ቱፎርዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒት ረጭተን ጨረስን (ወጪ ቀነሰልን ብለን ደስ ብሎን ነበር)። ክረምት ላይ ስራ ያጣው ልጅ ታዲያ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፣ ለሰሊጥ አረም መተማና ሁመራ ይወርዳል፣ ከወረደ አጨዳውንም እዚያው ሊይዝ ይችላል፣ አንዳንዱም ከዚያው ወደ ከተማ ያልፋል። በክልላችን በአማራ የ1989ኙ የመሬት ድልድል ጊዜ ህፃን የነበረ ወይ ያልተወለደ መሬት ስላልደረሰው የሚያስቀረው ነገር የለም።

እጥፍ ጠየቀኝ ላሉት ግን ብሩን ትተው በጤፍ ይቁጠሩት፣ የአምናው ምንዳ ስንት ኪሎ ጤፍ ይገዛ ነበር የዘንድሮውስ? እኔ ብዙ ጨመረ ብዬ አላስብም፣ ልጁም የሚበላው ጤፍ የሚገዛው ከዚያው ገበያ ነው።

ስለ ልጅዎ እውነቱን እንነጋገር፣ እርስዎ ራስዎ ማጭድ ያዝ ብለውታል? ለሶስት ሳምንት የሚፈለግ ስራ አመቱን ሙሉ የሚያኖር ስራ አይደለም፣ አስራ ስንት አመት ተምሮ የሚጠብቀው ደሞዝ ሌላ ገበያ ላይ ነው ያለው፣ እዚያ ደግሞ ተፈላጊው ጥቂት ፈላጊው ብዙ ነው።

እንግዲህ ምን ያድርጉ። ወንፈል ጥሩ ነው፣ ግን ብር ያስቀርልዎታል እንጂ ሰው አይጨምርም፣ የጎረቤትዎ ጤፍም ያው ያን ሳምንት ነው የሚደርሰው። ኮምባይነር ለስንዴ ይሁን እንጂ ለተኛ ጤፍና ለጠባብ ማሳ አልሆነም። የሚሻለው ሐምሌ ላይ ግማሹን ማሳ ሳምንት አስር ቀን አራርቆ መዝራት ነው፣ ዝናቡ ከፈቀደ። ልጆቹን ደግሞ ጥቅምት ላይ ቀድመው ያናግሯቸው፣ ዋጋውን በቀን ሳይሆን በቃዳ፣ ማለት በማሳው ስፋት ቆርጠው፣ ትንሽ ቀብድም ይስጡ። ቀብድ የበላ ልጅ ሌላ ማሳ ሲጠሩት ትንሽ ያፍራል።